ሙሽራ ጭና የተጓዘችው ኮራሶን

የሰው ልጅ ያቋቋማቸው ታላላቅ ተቋማት ብዙ ናቸው፤ በዚያች የፊሊፒንስ የወደብ ከተማ ግን «የአሮጌ መኪኖች ወዳጆችና የዝገት ቅርስ ጠባቂዎች ማኅበር»ን የሚስተካከል አልነበረም። ማኅበሩ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሊቀ መንበሩ በማንግ (እንደ እኛ «ጋሼ») ፖንሲያኖ ግቢ ማንጎ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። አባላቱ ሁሉ በእግራቸው ነው የሚመጡት። ይህም መኪኖቻቸውን ከመውደዳቸው የተነሣ ነው፤ የሚወዱትን ነገር ማን ያደክማል?

ስብሰባው ቋሚ አጀንዳው ትዝታ ነበር። አንዱ አባል ፍሬን እምቢ ብሏቸው ዓሣ ገበያ ውስጥ ሰተት ብለው የገቡበትን ማለዳ ሲያነሡ የሌሎቹ ዓይን እንባ ያቀርራል። ሌላው ጣሪያው ስለሚያፈስ ልጆቻቸው መኪና ውስጥ ጃንጥላ ዘርግተው ይሄዱ እንደነበር ሲተርኩ «የዛሬ ልጆችማ ምን አዩ!» ይባላል።

በትዝታ ግን ማንግ ሂላሪዮን የሚያህል አልተገኘም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ኮራሶን ናት። ኮራሶን መኪናቸው ነች። የባሕሩ ጨው በልቷት በልቷት የመጀመሪያ ቀለሟ ምን እንደነበር የሚያስታውስ ጠፍቷል፤ እሳቸው አረንጓዴ ነበረች ይላሉ፣ ባለቤታቸው አሊንግ (እንደ እኛ «እትዬ») ፑሪንግ ሰማያዊ ትላለች፤ ማኅበሩም ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቁሟል። አንዱ የኋላ በሯ ገበያ መሀል ወልቆ የቀረበትን ዕለት ሲያስታውሱ ማንግ ሂላሪዮ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«ነፋሱ!» ይላሉ። «እንደዚያ ያለ ነፋስ ከዚያ ወዲህ ነፍሶ አያውቅም።»

እንግዲህ የእኚህ ሰው አንድያ ልጅ ሉዝቪ ልታገባ ሆነ። ቄሱ በቀጠሮ ነገር ቀልድ አያውቁም። «ደወሉ ሲያበቃ በሩ ላይ ካልደረሳችሁ ተረኞቹን ሙሽሮች አስገባለሁ፤ እናንተ ከዐቢይ ጾም በኋላ ትመጣላችሁ» ብለው ቁርጡን ተናግረዋል። ድግሱ ተደግሷል፤ አሳማው እሳት ላይ ነው፤ ዘመድ ከየደሴቱ በጀልባ ገብቷል።

«አባዬ» አለች ሉዝቪ የሠርጓ ጠዋት፣ «ቤተ ክርስቲያኑ እኮ ከዚህ ይታያል። በእግሬ ልሂድ።»

«ሙሽራ በእግሯ? ሰው ምን ይላል?»

«ካልሆነ የክሪሳንቶ ወንድም በሞተሩ ጋሪ ያድርሰኝ።»

ክሪሳንቶ ሙሽራው ነው፤ እሱም ወንድሙም ጎኑ ላይ ጋሪ በተገጠመለት ሞተር ሳይክል ሰው እያመላለሱ ነው የሚኖሩት። ማንግ ሂላሪዮ ፊታቸው ቀላ።

«ልጄ የገበያ ሽንኩርት አይደለችም። ኮራሶን አለች!»

በዚህም መሠረት ሙሽራዋ ኋላ ተቀመጠች፤ አባት ቁልፉን አዞሩ። ኮራሶን አንዴ ሳል ብላ ዝም አለች።

«እየተዘጋጀች ነው» ሲሉ ሊቀ መንበሩ ለሕዝቡ አብራሩ።

ዝግጅቱ ሲረዝም አክስቶችና ሚዜዎች መግፋት ጀመሩ። ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ሲደርሱ አንዱ የፊት ጎማ ተሰናብቷቸው ለብቻው ቁልቁል ወደ ባሕሩ ወረደ። ቤተ ክርስቲያኑ ወለል ብሎ ይታያል። የመጀመሪያው ደወል ተሰማ።

«አባዬ፣ ልውረድ።»

«ቁጭ በይ! ማኅበሩ እያለ?»

ማንግ ፖንሲያኖ መንገዱ ላይ አስቸኳይ ጉባኤ ጠሩ። ጉባኤው የችግሩን ስፋትና ጥልቀት ከመረመረ በኋላ አንድ ታላቅ ሐሳብ አፈለቀ። በዚያ አገር ሰው ከሠፈር ሠፈር ሲቀይር ጎረቤት ተጠራርቶ ከቤቱ ሥር ቀርከሃ ያስገባና ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ይወስድለታል፤ ባለቤቱም ተሸካሚዎቹን ያበላል።

«ቤት ተሸክመን አናውቅም እንዴ?» አሉ ሊቀ መንበሩ። «መኪና ከቤት ይበልጣል?»

ቤቱ የቀርከሃና የዘንባባ ቅጠል፣ መኪናዋ ግን ብረት መሆኗን ያነሣ የለም። ቢነሣም ብረቱን አብዛኛውን ጨው ስለበላው ክርክሩ ውድቅ መሆኑ አይቀርም ነበር። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ከሙሽራዋ በስተቀር፤ እሷ ደግሞ አባል አይደለችም።

ቀርከሃው መጣ፤ ወንዱ ሁሉ እጅጌውን ሰበሰበ፤ ኮራሶን ከመሬት ተነሣች። ከጉልበታቸው ከፍ አላለችም እንጂ መነሣቱንስ ተነሣች። ማንግ ሂላሪዮ መሪውን እንደጨበጡ፣ ደረታቸውን ነፍተው ጥሩምባውን ያስጮሁ ጀመር። ከመኪናዋ አካል ደኅና የነበረው ጥሩምባው ብቻ ነው።

«ማንግ ሂላሪዮ» አለ አንዱ ተሸካሚ ላቡን እያንጠፈጠፈ፣ «መሪውን ለምን ያዞራሉ?»

«ታዲያ በምን ልትታጠፍ ኖሯል?»

ሰውየው ቀርከሃውን ወደ ቀኝ ገፋ። እውነትም ወዲያው ታጠፈች።

ትንሽ እንደሄዱ ከኋላ የሆነ ነገር ከሽ አለ።

«አባዬ» አለች ሉዝቪ።

«ምን ሆንሽ ደግሞ?»

«መሬት ላይ ቆሜያለሁ።»

ዞረው ቢያዩ የኋላው ወለል ከነወንበሩ የለም። ልጃቸው ጣሪያው ሥር ጎንበስ ብላ አስፋልቱን ረግጣለች። ሁለተኛው ደወል ተደወለ። ማንግ ሂላሪዮ አንድ አፍታ ደነገጡ፤ ከዚያ አባታዊ ምክራቸውን ለገሷት።

«ከእነሱ እኩል ተራመጂ፤ ሰው እንዳያይሽ።»

ሉዝቪ ከንፈሯን ነክሳ ተራመደች። አልቅሳም ነበር፤ ግን ማን አይቶላት? ቀሚሷ ረጅም ስለነበር ከየበረንዳው የሚመለከተው ሕዝብ የኮራሶንን ምቾት አደነቀ። «አየሽ» አሉ አንዲት ሴትዮ ለጎረቤታቸው፣ «ሙሽራዋን ቅንጣት እንኳ አላንገጫገጨቻትም።»

የደወሉ የመጨረሻ ድምፅ ሳይጠፋ በሩ ላይ ደረሱ። ቄሱ ተረኞቹን ሙሽሮች ሊያስገቡ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ሉዝቪ በታች ሾልካ ልትወጣ ስትል አባቷ «ሥርዓት አለው!» ብለው ወረዱና በሩን ከፈቱላት። በሩ እጃቸው ላይ ቀረ። እንዲያም ሆኖ ጋብቻው በሰዓቱ ተፈጸመ። ተክሊሉ ሲደርስ የማኅበሩ አባላት ከባሕሩ ጠርዝ ጎማውን ለቅመው መልሰው ገጠሙት።

ምሳ ላይ፣ ኮራሶን አጠገባቸው ቆማ፣ ማንግ ሂላሪዮ ለንግግር ተነሡ። ስለ ታማኝነት፣ ስለ ጽናት፣ ስለ ቅርስ ተናገሩ። በመጨረሻም ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ለአማቻቸው ዘረጉ።

«ኮራሶንን ለእናንተ ሰጥቻለሁ።»

ጭብጨባው ጣሪያ ነካ። ክሪሳንቶ ግን ቀና ብሎ አያቸው።

«አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ይቺን እኮ ቁራሌውም በነፃ አይወስዳት።»

ሉዝቪ ልቧ ቅቤ ጠጣ። ሰው አግብቻለሁ አለች በሆዷ፤ ዕድሜ ልኳን የምትጠብቀው ሰው ተገኘ።

«እሺ፣ አትውሰዳት» አሉ ማንግ ሂላሪዮ አንጀት በሚበላ ድምፅ። «እስቲ ገብተህ መሪውን ብቻ ያዝልኝ።»

ልጁ ሽማግሌውን እንዳያስቀይም ገባ። መሪውን ያዘ። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አለው። ጥሩምባውን ነካ አደረገ፤ ደግሞ ነካ አደረገ።

«ድምጿስ…» አለ።

«አይደል?» አሉ ማንግ ሂላሪዮ ተጠግተው።

«ወለሉን ጣውላ ብናለብሰው፣ በሩን ደግሞ በሽቦ ጠፍረን…»

ማንግ ፖንሲያኖ እዚያው እንደቆሙ ጉባኤ አድርገው አዲሱን አባል በጭብጨባ ተቀበሉ። ሉዝቪ እናቷን ፈልጋ ዞር ብትል፣ አሊንግ ፑሪንግ ሳህኗን አስቀምጣ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ ወደ መኪናዋ ኋላ እየሄደች ነው።

«ነይ» አለቻት። «እዚህ ጋ ያዢ። እዚያ ከነካሽው ተቀዶ እጅሽን ይቆርጥሻል።»

«እማዬ፣ አንቺ ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽው?»

«አባትሽ ትዝታውን እሑድ እሑድ ያወራል። የእኔ ትዝታ ወገቤ ላይ ነው። ጫማሽን አውልቂ።»

ሙሽራው አንገቱን በመስኮት አወጣ፤ ፊቱ በደስታ አብርቷል። ሉዝቪ ሚስቱ ከሆነች ወዲህ የመጀመሪያ ትእዛዙን ሰጣት።

«ግፊ፣ የኔ ፍቅር!»