የሲፈን መስኮት

እኛ ነቀምቴዎች ልጅ ስንወድ መጀመሪያ የምናደርገው መስኮት መዝጋት ነው። ክረምት ሲገባማ አይጣል ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ጭቃው ደጃፍ ድረስ ይመጣል፤ የታጠበ ልብስ አይደርቅም። ታዲያ ሰው ምን ያድርግ? ይዘጋል።

የልጅ ልጄ ሲፈን ገና ዓመት ከመንፈቋ ነው። እናቷ ሱቅ ስለምትውል ቀን ቀን የምጠብቃት እኔ ነኝ። በዚህ ክረምት ሳል ያዛት፤ አተኮሳትም። እኔ ደግሞ ስጋት የማያጣኝ ሰው ነኝ። ከሰል አቀጣጥዬ ክፍሏ አስገባሁ፤ በሹራብ ላይ ሹራብ ደረብኩላት፤ በጋቢ ጠቀለልኳት፤ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፍኩ። ትንፋሿ ግን እየፈጠነ ሄደ። እናቷ እንደመጣች በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናት።

ነርሷ ጋቢውን ፈታች፤ ሹራቦቹን አወለቀች። «አባኮ፣ ውስጡ ልጅ አለ?» አለችኝ። ደረቷን ስታይ ግን ቀልዱን ተወችው። የሳንባ ምች ነው አለች። መድኃኒቱን ሰጥታን አስጠነቀቀችን፦ በተዘጋ ቤት ከሰል ሰው ይገድላል፤ የሚያተኩሳት ልጅ አትታፈን፤ ደረቅና ልከኛ ልብስ ይበቃታል፤ መስኮቱ ገርበብ ይበል፤ ትንፋሿ ከባሰ ወይም መጥባት እምቢ ካለች በቶሎ አምጧት።

ይሄ ቀላል ነው ትሉ ይሆናል። ጠያቂዎቹንስ ማን ይችላቸዋል? ጎረቤታችን አደ ጫልቱ ገና ከመግባቷ፣ «ኦቦ፣ ልጅቷን ለብርድ ሰጧት እንዴ?» ብላ ገርበብ ያደረግኩትን መስኮት ዘጋችው። ነርሷ ናት ያዘዘችው አልኳት። «ነርሷ ለመሆኑ ወልዳለች?» አለችኝ። ስትወጣ ከፈትኩት። ቀጥሎ የመጣው የሰፈሩ ባለሱቅ ገና ሳይቀመጥ ዘጋው። በፍቅር የሚዘጋን ሰው ምን ይሉታል?

ማምሻውን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ለጸሎት መጡ። ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን ስለ ሲፈን ትንፋሽ አጥብቀን ለመንን። አሜን ብለን ስንገልጥ መስኮቱ ተዘግቷል። ማን እንደዘጋው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አሁን ትንፋሿ ረግቧል፤ ደህና ትጠባለች። ሽማግሌዎቹም ለምስጋና መጥተው ቤቱ ሞልቷል። እኔ መስኮቱ ሥር ቦታ ይዣለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ይህን ጸሎት የምጸልየው በአንድ ዓይን ነው።