ንስሩ ጎረቤታችን ለዓይን ምርመራ እንዴት እንደተዘጋጀ

የታላቅ ሰው ታላቅነት የሚለካው ለፈተና ባደረገው ዝግጅት ነው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ያሽከረከረውና ራሱን በራሱ «ንስሩ» ብሎ የሰየመው ጎረቤታችን ለዚህ ሕያው ምስክር ነው። «ስኳር ያለበት ሰው በየዓመቱ የዓይኑ ውስጥ መታየት አለበት» ተብሎ ቀጠሮ ሲሰጠው፣ እንደ እኔና እንደ እናንተ ዝም ብሎ አልሄደም። «ዓይኑ ደክሟል ካሉ መሪዬን ይነጥቁኛል» ብሎ ሚስቱን አስቀድሞ ወደ ክሊኒኩ ላከና የፊደል ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ አስነሣ። ከዚያ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ሸመደደው።

የቀጠሮው ወረቀት «ጠብታ ስለሚደረግልዎ መኪና አያሽከርክሩ፤ አጃቢና ጥቁር መነጽር ይዘው ይምጡ» ይላል። ንስሩ ነገሩን በስፋት ተረዳው፦ መመሪያው የወጣው ለማያዩ ሰዎች ነው። ስለዚህ መኪናውን ራሱ ነድቶ፣ ሚስቱን በአጃቢነት ሳይሆን በታዛቢነት ጭኖ ሄደ።

ነርሷ አንድ ዓይኑን ሸፍና «ጋሼ፣ ከላይ ጀምረው ያንብቡልኝ» አለችው። ጉሮሮውን ጠርጎ እስከ መጨረሻዋ ደቃቃ መስመር አንበለበለው።

«ጎበዝ! አሁን ደግሞ ወደ ሰሌዳው ዞር ይበሉና ይድገሙልኝ። ያ በር ነው።»

ሚስቱ አፏን በመዳፏ ያዘች።

ከዚያ ጠብታው ገባ፤ ቆጠቆጠው። ብሌኑ እስኪሰፋ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። በኋላም አገጩን ካሜራው ላይ አስደግፈው ብልጭ አደረጉበት።

«ምኔን ነው የምታነሡት?»

«የዓይንዎን ጀርባ።»

ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ! የጀርባውን ለምን አላመጣሽልኝም?»

ጀርባው ግን አልሸመደደም ኖሮ እውነቱን ዘረገፈው፦ ደም ሥሮቹ ማፍሰስ ጀምረዋል። «በሕክምና ይያዛል» አለ ፎቶውን ያየው ሐኪም። «ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ግን…» አልጨረሰውም።

ውጪ ፀሐዩ ወጋው። እንደምንም በዳበሳ መኪናው ጋ ደርሶ በሩን ታገለ። የሰው መኪና ነበር። ሚስቱ እጁን ይዛ ወደ ራሳቸው አዞረችው፤ ቁልፉንም ወሰደች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልነዳ ነዋ።»

«አንቺ? መቼ ተማርሽና?»

ከቦርሳዋ ጥቁር መነጽር አውጥታ አጠለቀችለት፤ ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች።

«የመንጃ ትምህርት ቤት የምስክር ወረቀቴን ከቴሌቪዥኑ በላይ ከሰቀልኩት ሁለት ዓመቱ። አንድ ቀን ያየዋል ብዬ ስጠብቅህ ነበር፤ አንተ ንስር!»