የአልፊዮ ቀኝ ታኬታ

(ሴንት ሉዊስ፣ ኮረብታው ሠፈር፣ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ። ሲልቪዮና ሬኖ ሰባን የተሻገሩ ጓደኛሞች ናቸው። ሁለቱም ጥቁር የለቅሶ ሙሉ ልብስ ለብሰው የቲማቲም ድልህ መደርደሪያ ፊት ቆመው ይጨቃጨቃሉ። ሬኖ አንድ እግር ያረጀ የኳስ ታኬታ ታቅፏል።)

ሲልቪዮ፦ እዚህ ነው አልኩህ! የፍፁም ቅጣት ምቱ ነጥብ ከዚህ ከድልሁ ሥር ነው።

ሬኖ፦ እኔ ደግሞ ከአይቡ ሥር ይመስለኛል።

ሲልቪዮ፦ አይቡማ ማዕዘን ነው! አይብ ጋ ቆሞ ፍፁም ቅጣት ምት የሚመታ ሰው አይተህ ታውቃለህ?

ሬኖ፦ እኔ ምን አውቃለሁ፣ በረኛ ነበርኩ።

ሲልቪዮ፦ ነበርክ እንዴ? ኳሶቹ አልሰሙም መሰለኝ፣ ዝም ብለው ነበር የሚያልፉህ።

ሬኖ፦ ቀልዱን ተወውና ቶሎ በል። የቀብሩ ደወል ሊደወል ነው። አልፊዮ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሆስፒታል ተኝቶ "ሬኖ፣ እኔ አፈር ሳልገባ ቀኝ ታኬታዬ ሜዳችን ላይ ይገኝ" ብሎኛል። ቃል ገብቼለታለሁ። ቦታውንም...

ሲልቪዮ፦ ቦታውን ለኔ ተወው! አምበላችን አልፊዮ ከዚያ ሁሉ ሜዳ የቱን ይመርጣል? ያቺን ምት የመታሁባትን ቦታ ነዋ! የዋንጫ ጨዋታ፣ የመጨረሻዋ ደቂቃ!

ሬኖ፦ እሱ ግን ያለኝ...

ሲልቪዮ፦ ያለህን አውቃለሁ! አንተ ሰምተህ ካወቅከው እኔ ሳልሰማ የማውቀው ይበልጣል።

ሬኖ፦ እሱስ እውነት ነው። (ዙሪያውን እያየ) ግን ሲልቪዮ፣ ሜዳ ላይ ነው ያለው፤ ይኼ ሱቅ ነው።

ሲልቪዮ፦ ሜዳውን ሸጠው አይደል እንዴ ይኼን የሠሩበት! መሬቱ የት ይሄዳል? ከሥራችን ነው። ና፣ መሐል ሜዳውን ካገኘን ሌላው ቀላል ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ግንብ ትይዩ ነበር። በመስኮቱ ይታይሃል?

ሬኖ፦ የሽንኩርት ቅናሽ ማስታወቂያ ነው የሚታየኝ።

ሲልቪዮ፦ ከማስታወቂያው ጀርባ!

ሬኖ፦ ጀርባውን እንዴት ልይ? እኔ ያለሁት ከፊቱ።

ሲልቪዮ፦ ወይ አንተ ፈጣሪ! ራሴ አየዋለሁ። (ተንጠራርቶ) ይኸው ጫፉ! እንግዲህ ሒሳብ መክፈያው መሐል ሜዳ ነው ማለት ነው።

ሬኖ፦ ለካ ለዚህ ነው ሁልጊዜ የሚጨናነቀው።

(ሬኖ ዝግ እያለ ይርቃል። አንድ ትልቅ የመስተዋት በር ከፍቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ እጁን ዘርግቶ ይቆማል።)

ሬኖ፦ ሲልቪዮ! ና! የኔን ጎል አገኘሁት! ብርዱን አወቅሁት፤ ሜዳውን ከከበቡት የሸክላ አፈር ማውጫ ጉድጓዶች የሚመጣው ንፋስ ልክ እንዲህ ነበር ጀርባዬን የሚገርፈኝ!

ሲልቪዮ፦ አንተ ሰውዬ፣ የአይስክሬም ፍሪጅ ከፍተህ ነው!

(የሱቁ ሠራተኛ ጋሪ እየገፋች ትመጣለች።)

ሠራተኛዋ፦ አባቶቼ፣ የጠፋባችሁ ነገር አለ?

ሬኖ፦ ጎል።

ሠራተኛዋ፦ (ሳትቆም) አልቋል። ማክሰኞ ይገባል።

ሬኖ፦ ሰማህ? ማክሰኞ ይገባል አለች። ታዲያ ቀብሩ ዛሬ ነው፣ ምን ይሻላል?

ሲልቪዮ፦ የሳሙና ስም መስሏት ነው! አየህ የዛሬ ሰው? ምን ላይ ቆማ ጋሪ እንደምትገፋ እንኳ አታውቅም። ይኼ አገር በሙሉ ኳስን በእጁ ታቅፎ ሲሮጥ፣ በእግር የምትመታ መሆኗን ያስተማርነው እኛ ነን። መጀመሪያ አየርላንዶቹ አመጧት...

ሬኖ፦ መልሰው አልወሰዷትም?

ሲልቪዮ፦ ኳስ ውሰት ናት እንዴ የምትመለሰው? ከነሱ ጀርመኖቹ ለመዱ፣ ከጀርመኖቹ እኛ ጣልያኖቹ። እያንዳንዱ ደብር የራሱ ቡድን ነበረው። የኛ ቄስ ቅዳሴ የሚያሳጥሩት መቼ ነበር? ጨዋታ ሲኖር! ሌላው ከተማ ትናንት ከመርከብ የወረደ ሰው እየለመነ ሲያሰልፍ፣ እኛ የምናሰልፈው የገዛ ጎረቤታችንን ልጅ ነበር። በዓለም ዋንጫ ብራዚል ላይ እንግሊዝን አሸንፈው ጉድ ካደረጉት የአሜሪካ ልጆች አምስቱ የዚህ ከተማ ናቸው። አራቱማ ከዚሁ ከኮረብታው!

ሬኖ፦ አንተም ነበርክ?

ሲልቪዮ፦ እኔ... ኩፍኝ ይዞኝ ነበር።

ሬኖ፦ አይ! ለዚህ ነዋ የቀረኸው።

ሲልቪዮ፦ ዕድሜዬም ገና አሥራ ሦስት ነበር።

ሬኖ፦ ኩፍኙ ነው እንጂ ዕድሜስ ባልከለከለህ።

ሲልቪዮ፦ (ሹፈት ይሁን ምስጋና ሳይለይ) እሱስ ልክ ነህ። ቆይ፣ አሁን ቦታዬን ያዝኩ። እዚህ ጋ ነበርኩ። የጀርመን ደብር ቡድን፣ አንድ ለዜሮ እየመሩን። እናቶች መቁጠሪያ ይዘው ጸሎት፣ አባቶች ቢራ ይዘው ስድብ። ኳሷ ለኔ መጣች! (ድልሁ ፊት እግሩን እያፈራረቀ) የመጀመሪያውን ጀርመን በአብዶ አስቀመጥኩት...

ሬኖ፦ ቀስ በል፣ ጉልበትህን።

ሲልቪዮ፦ ሁለተኛውን እንዲህ... (አንዲት ሴትዮ ጋሪያቸውን ይዘው ይሸሻሉ) ሦስተኛው ራሱ ተደናብሮ ወደቀ። ከዚያ ልክ ከዚህች ነጥብ ላይ በቀኜ ልኬ መታኋት! ሰው እስከ ዛሬ ያችን ምት ያወራል፣ አልፊዮ ይሙት!

ሬኖ፦ ሞቷል እኮ፣ ሲልቪዮ።

(ሲልቪዮ ያነሣውን እግር ያወርዳል።)

ሲልቪዮ፦ ለምዶብኝ ነው። ዕድሜ ልኬን በሱ ስምል ኖሬ፣ አሁን በማን ልማል?

ሬኖ፦ በኔ ብቻ እንዳትምል።

ሲልቪዮ፦ (አፍንጫውን እየጠረገ) እና መታኋት።

ሬኖ፦ እሷማ ከአግዳሚው በላይ አልፋ አንዱ ሸክላ ጉድጓድ ገባች።

ሲልቪዮ፦ አግዳሚውን ጀርመኖቹ ዝቅ አድርገውት ነዋ! ትክክለኛ አግዳሚ ቢሆን ጎል ነበረች።

ሬኖ፦ ኳሷ እኮ እስካሁን አልተገኘችም። ቄሱ ሲያልፉ ሲያገድሙ ይጠይቁኝ ነበር።

(የቤተ ክርስቲያን ደወል ከሩቅ ይሰማል።)

ሲልቪዮ፦ በቃ ደረሰ! ታኬታውን አምጣ። (ነጥቆ ወስዶ ከታችኛው መደርደሪያ በድልህ ጣሳዎች መሐል ይሰካዋል። ኮቱን ቆልፎ ጉሮሮውን ይጠርጋል።) ወንድማችን አልፊዮ! አምበላችን! ሲልቪዮ ታሪክ የሠራባት ቦታ ላይ ይኸው ታኬታህ አረፈ። ከቦታ ሁሉ ይቺን መምረጥህ ትልቅነትህን ያሳያል። ለኔ ያለህን አክብሮትም...

(ሬኖ ጎንበስ ብሎ ታኬታውን ከጣሳዎቹ መሐል ያወጣና መንገድ ይጀምራል።)

ሲልቪዮ፦ ወዴት ነው? ንግግሬን ሳልጨርስ!

ሬኖ፦ ወደ አትክልቱ። እሱ ያለኝ ቦታ እዚያ ነው።

ሲልቪዮ፦ አትክልቱማ ከጎሉ በስተግራ ነው! እዚያ ምን አለ? ያን ቀን እዚያ ማንም አልነበረም!

ሬኖ፦ አልፊዮ ነበር።

ሲልቪዮ፦ ምን ያደርጋል እዚያ?

ሬኖ፦ እጁን አንሥቶ ቆሞ ነበራ። ጀርመኖቹ በሙሉ አንተን ከበው፣ እሱ ብቻውን፣ ከፊቱ ባዶ ጎል። (ታኬታውን ጎመኑ ክምር ሥር ወለሉ ላይ በጥንቃቄ ያስቀምጠዋል።) የነገረኝ እንዲህ ነው፤ "ሬኖ፣ ያኔ ብቻዬን ከቆምኩበት አኑርልኝ። ሲልቪዮ ኳሷን እስኪያቀብለኝ እዚያው እጠብቀዋለሁ።"

ሲልቪዮ፦ (ቀስ ብሎ) ይጮህ ነበር?

ሬኖ፦ እኔ ከወዲያኛው ጎል ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

ሲልቪዮ፦ እኔን እያበረታታ መስሎኝ ነበር።

ሬኖ፦ እንደሱ ያለ ስድብ ማበረታቻ ከሆነ፣ አዎ።

ሲልቪዮ፦ እና እንዴት አንድ ቀን እንኳ አይነግረኝም? ስንት ዓመት ሙሉ እየተገናኘን ካርታ ስንጫወት! ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ ሰው!

ሬኖ፦ ሊነግርህማ ሁልጊዜ ይጀምራል። "ሲልቪዮ፣ ያን ቀን እኮ..." ሲልህ፣ አንተ "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" ትለዋለህ። እሱም የምታውቅ መስሎት ተወው።

(ሲልቪዮ አፉን ይከፍታል። "አው..." ብሎ ይዘጋዋል። ደወሉ ይቀጥላል። ከጎመኑ ክምር አንድ ጥቅል ጎመን መርጦ ያነሣና ወደ ድልሁ መደርደሪያ ይመለሳል። ጎመኑን ወለሉ ላይ ያስቀምጣል። ጫማውን አንዴ በሱሪው ይወለውላል።)

ሬኖ፦ ሲልቪዮ፣ በዕድሜህ...

ሲልቪዮ፦ ዝም በል። ቀና ብዬ እያየሁ ነው።

(በውስጥ እግሩ ቀስ አድርጎ ይገፋዋል። ጎመኑ ቅጠሉን እያራገፈ በመደርደሪያዎቹ መሐል ይንከባለልና ታኬታው አጠገብ ደርሶ ይቆማል። ሠራተኛዋ ጋሪዋን አቁማ ታያለች።)

ሲልቪዮ፦ (እንባው እየመጣ፣ እየሳቀ) ይኸው አልፊዮ! አቀበልኩህ! አየህ ሬኖ? ልክ እግሩ ሥር!

(ሬኖ ታኬታውን ያያል። ግራውን ያያል፣ ቀኙን ያያል። ከዚያ ቀስ ብሎ አንድ እጁን ወደ ላይ ያነሣል።)

ሲልቪዮ፦ ደግሞ አሁን ምን ሆንክ?

ሬኖ፦ ከጨዋታ ውጪ ነው። ጀርመኖቹ እኮ ሁሉም ቤታቸው ገብተዋል።