ሳሎን መሐል የቆመው ኮለን

ቤት መሥራት የማያውቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ሐኪም ፊት ልብሱን አውልቆ ዝም የሚል ሰው እንኳ መሐንዲስ ፊት ሲደርስ አፉ ይፈታል። ፎቁን የሚሸከመውን ምሰሶ፣ ኮለኑን፣ በዓይኑ ለክቶ «ይሄ አልወፈረም?» ይላችኋል። ኮለኑም፣ እሱ ላይ የሚጋደመው አግዳሚ፣ ቢሙም፣ ልካቸው የሚወጣው ውስጥ ለውስጥ ከሚታገላቸው ኃይል ነው። አንዱ ይጫናል፣ አንዱ ያጎብጣል፣ ሌላው ሊቆርጥ ይፈልጋል። እኛ ይህን አስልተን ውፍረቱን እንሰጣለን። ችግሩ ትግሉ ከውጭ አለመታየቱ ነው።

አቶ ዳንጊሶ አዲስ ከተማ ሱቅ አላቸው። ታቦር ሰፈር ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሲያሠሩ ዲዛይኑን የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች በየሳምንቱ ተራ ገብተው ቤት ለቤት ይጸልያሉ፤ አቶ ዳንጊሶ ሳሎኑን ሰፊ ያስደረጉት ለዚሁ ነው። የኮለኖቹ ፌሮ እንደቆመ ግን አስጠሩኝ።

«ኢንጂነር፣ ይሄ መሐል ያለው ይነሳ። ሰባኪውን ይጋርደዋል።»

«ጋሼ፣ ይሄ ከተነሳ ፎቁ በምን ይቆማል?»

«በእግዚአብሔር ነዋ!»

እስቲ እናንተ መልሱላቸው።

ቢሮ ገብቼ እንደገና አሰላሁት። የመሐሉ ኮለን ሲነሳ ቢሙ የሚሻገረው ርቀት እጥፍ ይሆናል፤ የሚያጎብጠው ኃይል ግን አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። እንዲችለው ከተባለ ቢሙ ወደ ታች መወፈር ሊኖርበት ነው። ተመልሼ ሄድኩና «ይነሳል፤ ግን ሰባኪው ለምስጋና እጁን ባነሳ ቁጥር ቢሙን ይመታል» አልኳቸው።

«ኮለኑም ይነሳ፣ ቢሙም አይወፍር። ቤቱ የኔ ነው» አሉ።

ተናደድኩ። ከንዴቱ ይልቅ ግን ፍርሃቱ ባሰብኝ፤ እኔ እምቢ ብል እሺ የሚላቸው ሰው እንደማያጡ አውቃለሁ። አጠገባችን ቆመው የነበሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር ይሄኔ ጠጋ አሉ።

«ኢንጂነር፣ ከወለደች ጀምሮ እኛ ጋ ያለችው ልጃችን ፎቁ ላይ ነው የምትገባው። ከነሕፃኗ የምትተኛው በየት በኩል ነው?»

ጣቴን ቀስሬ አሳየኋቸው፤ ልክ ከዚያ ኮለን በላይ። አቶ ዳንጊሶ ቀና አሉ። የፎቁ ወለል፣ ሶሌታው፣ ገና ስላልተሞላ ከሰማይ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ቢሆንም ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

«ይቁም» አሉ።

ቤቱ አለቀ፤ የጸሎት ተራው ሲደርሳቸው እኔንም ጠሩኝ። ሳሎኑ ጢም ብሏል። አቶ ዳንጊሶ ተነሥተው ኮለኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና «ይሄን ኢንጂነራችን ሊያነሳው ነበር። እምቢ ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ» ብለው መሰከሩ።

ሰው ሁሉ «አሜን» አለ። በዚህ መሐል ከፎቅ የሕፃኗ ለቅሶ ተሰማ።

እኔም አሜን አልኩ።