ዜና ብልጭታ፦ ጎማ በመታጠፊያው ላይ እንዴት እንደ ቆመ

ነጩ መጋረጃ ሰማያዊውን ሽሮ በስቱዲዮው ግድግዳ ላይ በነገሠ በአምስተኛው፥ ረጅሙ ሌንስ ተገዝቶ በክብር በገባ በሁለተኛው ዓመት፥ ይኸውም ዘመነ ሰደርያ በተባለው ዘመን፥ የጉርድ ፎቶ ሁሉ ባለቤት፥ አገጭ አቅኚ፥ ትከሻ አስተካካይ፥ ሕፃናትን ጸጥ አሰኚ የሆኑት ብልጭታ ካሜራቸውን አንግተው በመኪና እሽቅድምድም ላይ የዘመቱበትን ዜና እንጽፋለን። ንጽሕፍ እንከ፥ እንግዲህ እንጻፍ፤ እናንተም አንብቡ። መሳቅ የፈለገ አፉን ሸፍኖ ይሳቅ፥ ይህ ታሪክ ነውና።

እኔ ጸሐፊያቸው በስቱዲዮአቸው ለመታወቂያ ተነሥቼ ሌላ ሰው ሆኜ የወጣሁ ነኝ። በጉንጬ ላይ ያለውን የልጅነት ጠባሳ ስላጠፉልኝ፥ የመሥሪያ ቤቴ ዘበኛ በገዛ መታወቂያዬ አላስገባም ብሎኝ በር ላይ ውዬ አውቃለሁ። ስለዚህ ስለ ኀይላቸው የምመሰክረው ከሰማሁት ሳይሆን ከደረሰብኝ ነው።

ግዛታቸው አንዲት ክፍል ናት። በውስጧ አንድ በርጩማ፥ ማበጠሪያ በክር የታሰረበት መስታወት፥ ለመጣው ወንድ ሁሉ በተራ የሚለበስ አንድ ጥቁር ኮት አሉ። ሌላው ገዢ ሠራዊት ያነሣል፥ እርሳቸው ጉርድ ያነሣሉ። ብልጭታ የሚለውን የመንግሥት ስም ያገኙትም ፍላሻቸው በበራ ቁጥር ሕዝባቸው ዓይኑን ስለሚጨፍን ነው። የግዛቲቱ ሕግ አንድ ነው፥ እርሱም አለመንቀሳቀስ ነው፤ ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘ ፎቶ «ተንቀሳቅሷል» ተብሎ ይቀደዳል፥ በእርሳቸው ችሎት ከዚህ የከፋ ፍርድ ተሰምቶ አይታወቅም። ከመነሣት በኋላ ደግሞ ማጽዳት ይከተላል፤ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው ብጉሩን፥ ማዲያቱን፥ የዓይን ሥር ጥቁረቱን እየፋቁ፥ ደንበኛው እንደ ተላጠ እንቁላል እስኪያበራ ድረስ ከወንበራቸው አይነሡም።

የዘመቻው ምክንያት የእኅታቸው ባል ነው። ይህ ሰው በሥራ ቀን ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተኝቶ የሚውል፥ በዕረፍት ቀን ደግሞ ከተጣለ ዕቃ በገዛ እጁ በገጣጠማት መኪና የሚወዳደር ሲሆን፥ በተወዳደረበት ሁሉ መጨረሻ ስለሚወጣ ወዳጅም ጠላትም ጭራ ይለዋል። እናቱ ሲነዳ አይተውት አያውቁም። እሽቅድምድም ባለበት ቀን ልጃቸው ከወጣ ጀምሮ እስኪመለስ የግቢውን በር መቀርቀሪያ ይዘው ይቆማሉ እንጂ ቁጭ አይሉም። በዚያ ዓመት እግራቸው እያበጠ ስላስቸገራቸው፥ ጭራ ከአንድ ውድድር በኋላ እንደሚተው በእናቱ ፊት ማለ። ከመተዉ በፊት የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፥ እርሱም ሻምፒዮኑን ቀድሞ የሚታይበት ፎቶ።

የመኪናውንም ጠባይ ያውቃል። ሞተሯ ሳይግል አንበሳ ናት፥ ከጋለ በኋላ ግን ልግመኛ አህያ ናት። ስለዚህ ወደ ስቱዲዮው መጥቶ፥ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፥ እንዲህ ሲል ዐዋጅ አስነገረ፦ «ጋሼ፥ መጀመሪያው ዙር ላይ፥ ቆርቆሮ አጥሩ ጋ ስንታጠፍ እቀድመዋለሁ። ከዚያ ሞተሩ ይግላል፥ መልሶ ያልፈኛል፥ እኔም የለመድኩት ቦታ እገባለሁ። ያቺን አንዷን አንሣልኝ። ሌላ ማስረጃ የለኝም።» ብልጭታም ካሜራቸውን እየወለወሉ የሚከተለውን አወጁ፦ «እኔ ያነሣሁት ነገር አይንቀሳቀስም።» ጭራ ይህ ተስፋ መስሎት ደስ ብሎት ሄደ።

ተመልካቹን ከሚያግደው ገመድ ወዲያ ወደ መንገዱ ዳር ለመግባት ግን የጋዜጠኛ ሰደርያ ያስፈልጋል። የጋዜጣው የስፖርት ገጽ አዘጋጅ፥ የዘወትር ፎቶ አንሺው እግሩ ተወልምቶ ስለ ተኛበት፥ ሌላም ሰው በቶሎ ስላላገኘ፥ ሰደርያውን ለብልጭታ አዋሰ። ሰደርያው ብርቱካንማ ነው፥ ጀርባው ላይ «ጋዜጠኛ» ይላል፥ ርዝመቱም እስከ ጉልበታቸው ይደርሳል። ከተረከቡት ሰዓት ጀምሮ አላወለቁትም። ለብሰውት ገበያ ወጡ፥ ለብሰውት ቆሻሻ ደፉ፥ በሰፈሩ ውስጥ ሳያያቸው የሚቀር ሰው እንዳይኖር በአንዱ መንገድ ደጋግመው ተመላለሱ፤ ዘመኑም በዚህ ምክንያት ዘመነ ሰደርያ ተባለ።

ወእምዝ፥ ከዚያም በኋላ፥ የዘመቻው ቀን ሲቃረብ በስቱዲዮው በር ላይ እንዲህ የሚል ዐዋጅ ተለጠፈ፦ «ያልሰማ ከሰማ ይጠይቅ። ከነገ ጀምሮ ሥራ ላይ ነኝ። በካሜራዬ ፊት ያለፈ፥ ያስነጠሰ፥ የት ሄድክ ብሎ የደወለ፥ መታወቂያው እንደ ጠፋበት ይኖራል።» ሲነጋም ሠራዊቱ ተሰለፈ። በፊታውራሪነት እኅታቸው፥ የጭራ ሚስት፥ ዣንጥላ ጨብጣ ከፊት ቀደመች። በቀኝ አዝማችነት ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ፥ ሱቁ መብራት ስለ ጠፋበት፥ ታጣፊ ወንበር ተሸክሞ ወጣ። በግራ አዝማችነት የሚሾም ሰው ስላልተገኘ ማዕረጉ ለባለሦስት እግሩ የካሜራ መቆሚያ ተሰጠ። በደጀንነት እኔ ጸሐፊው የውሃ ጠርሙስ ይዤ ተከተልሁ። ግራ አዝማቹ በሚኒባሱ በር ላይ እግሩን አንፈራጥጦ አላልፍም ስላለ ጉዞው ተስተጓጎለ፥ ረዳቱ ስለ ግራ አዝማቹ እናት የተናገረውም ለታሪክ አይመችም።

ሜዳው በደረሱ ጊዜ ሌሎች ፎቶ አንሺዎችን ተመልካቹ በበዛበት ሰፊው መታጠፊያ ላይ ቆመው አገኙ። እነዚህ ሰዎች የካሜራቸውን ፍጥነት ዝቅ አድርገው፥ መኪናው ሲያልፍ ከወገባቸው እየዞሩ በካሜራቸው ይከተሉታል። በዚህም መኪናው ጠርቶ፥ ጎማው እየዞረ፥ ከኋላ ያለው አጥርና ሰው እንደ ፈሰሰ ቀለም ተዘርግቶ ይወጣል፤ ፎቶውን ያየ ሁሉ ነፋሱ ፊቱን የመታው ይመስለዋል። ብልጭታ ግን የአንዱን ፎቶ አይተው ፊታቸውን አዞሩ። ተንቀሳቅሷልና። ከመካከላቸው አንድ ቅን ሰው እንዲህ ሲል ዐወጀላቸው፦ «አባባ፥ ፍጥነቱን ቀነስ ያድርጉት። ጎማው ካልዞረ መኪናው የቆመ ነው የሚመስለው።» አባባ መባላቸው ስላንገበገባቸው ምክሩንም ከስድቡ ጋር ጥለውት ሄዱ። ማንም ወዳልቆመበት ወደ ቆርቆሮው አጥር ደርሰው፥ የካሜራቸው ዓይን ተከፍቶ የሚዘጋበትን ፍጥነት ከዚያ በላይ ወደሌለው ጥግ አወጡት፥ የምትበር ዝንብ እንኳ ክንፏን እንደ ዘረጋች ቀጥ እንድትል።

በውእቱ ጊዜ፥ በዚያች ሰዓት፥ ሞተሮች አጓሩ፥ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፥ አቧራው ሰማይ ደረሰ። ፊታውራሪዋ ዣንጥላዋን ዘርግታ ከኋላው ተሸሸገች። ቀኝ አዝማቹ ወንበሩን አጠፈ፥ ራሱም አብሮ ታጠፈ። እኔ ጸሐፊው ዓይኔ አቧራ ገብቶበት ምንም አላየሁም፥ ነገር ግን ታሪክ ጸሐፊ የማየት ግዴታ የለበትም። ብልጭታ ብቻ ንቅንቅ አላሉም። ጭራ በመታጠፊያው ውስጠኛ ጠርዝ ገብቶ፥ መኪናዋ እየተንሸራተተች፥ የሻምፒዮኑን አፍንጫ አልፎ ብቅ ባለባት ቅጽበት፥ እርሳቸው ከልማድ የተነሣ «እንዳትንቀሳቀሱ!» ብለው በሁለቱ መኪኖች ላይ ጮኹና ቁልፉን ተጫኑ። ኢያሱ ፀሐይን በገባዖን አቆመ፤ ብልጭታም መኪናን በቆርቆሮ አጥር ሥር አቆሙ።

ጭራ እንዲህ ባለ መልክ ለአንዲት መታጠፊያ ያህል ቀዳማዊ ሆኖ ነገሠ። ከዚያ በኋላ ሁሉም እንደ ትንቢቱ ተፈጸመ፤ ሞተሩ ጋለ፥ ሻምፒዮኑ መልሶ አለፈ፥ የሜዳው ድምፅ ማጉያም ጭራ እንደ ልማዱ መጨረሻ መውጣቱን ለሕዝብ አሰማ። እርሱ ግን በእንፋሎት ተከቦ ከመኪናው ሲወርድ እየሳቀ ነበር። ከሩቅ ሆኖ በእጁ የካሜራ ምልክት እየሠራ አነሣኸኝ ወይ ብሎ ቢጠይቅ፥ ብልጭታ ራሳቸውን በግርማ ነቀነቁ።

ወደ ስቱዲዮው ተመልሰው ፎቶውን ሲከፍቱት ነገሩ እውነት ሆኖ ተገኘ። የጭራ መኪና በሙሉ ኮፈኗ ሻምፒዮኑን ቀድማለች፥ የጎማዋ ብሎን አንድ በአንድ ይቆጠራል፥ በራስ ቁሩ ውስጥ የጭራ ዓይን ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። ጎማዎቹ ግን ቀጥ ብለዋል። መኪኖቹ ይሮጡ እንደ ነበር የሚመሰክር አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር፥ እርሱም ከኋላቸው የተነሣው አቧራ ነው። ብልጭታም አቧራውን አዩና አዘኑ። ቆሻሻ ነውና። በኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው እንደ ማዲያት ፋቁት፤ መንገዱን አነጡ፥ የመኪኖቹን ጎን ወለወሉ፥ ሰማዩንም እንደ ስቱዲዮው መጋረጃ ነጭ አደረጉት። የጸዳውን ፎቶ በፊተኛው ፋይል ላይ አስቀመጡት፥ ፊተኛውም ላይመለስ ጠፋ፥ እርሳቸውም እጃቸውን ታጥበው አረፉ።

አዘጋጁ ፎቶውን ባየ ጊዜ በስልክ ይህን ዐዋጅ ሰደደ፦ «ብልጭታ፥ እኔ እሽቅድምድም አንሣ ነው ያልኩህ። ይሄ ፓርኪንግ ነው።» ሰደርያውም እንዲመለስ ታዘዘ፥ ዘመኑም በዚሁ አለፈ። ፎቶው ግን ከሚጣል ተብሎ በውስጥ ገጽ፥ ስለ መኪና ማቆሚያ ቦታ እጥረት በሚያትት ጽሑፍ ራስጌ ታተመ። ከዚያ ወዲያ ጭራ ሻምፒዮኑን ቀድሜው ነበር ባለ ቁጥር ያ ጋዜጣ ይመዘዝበታል፤ የጋራዡም ሰዎች በአንድ ድምፅ «ቀድሜ ቦታ ያዝኩ በለና» ብለው ያውጁበታል። ጭራም መኪና ሥር ገባ፥ ለምሳም ሲጠሩት አልወጣም።

ፊታውራሪዋ ይህን አይታ ወደ ስቱዲዮው ገባች፥ በነጩ መጋረጃ ፊት ቆማ ለወንድሟ ይህን ዐወጀች፦ «ወንድሜ፥ ሰውዬው በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው አቧራ ያስነሣው። እሷንም ጠረግክበት።» ብልጭታም ጥራት ያልገባው ዝም ይበል የሚል ዐዋጅ አውጥተው በሩን ዘጉ።

ጋዜጣው ሳሙና ተጠቅልሎበት ወደ ጭራ እናት ቤት ገባ። እናትየው መነጽራቸውን አድርገው፥ የተጨማደደውን ወረቀት በመዳፋቸው እያቃኑ ሲመለከቱ ጭራ ከሥራ መጣ፥ ምን እንደ ያዙም ባየ ጊዜ አፍሮ ሊወስድባቸው እጁን ዘረጋ። እርሳቸው ግን አልለቀቁም። ከጎንህ ያለው ማነው ብለው ጠየቁት፥ ሻምፒዮኑ ነው አላቸው። ያን ጊዜ በዚህ ዜና ውስጥ ከተነገሩት ዐዋጆች ሁሉ ዝግ ባለ ድምፅ የተነገረው ዐዋጅ ተነገረ፦ «እኔ አንተን ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያሳደግሁህ። አንድ ቀን ስትነዳ አይቼህ አላውቅም። ይኸው ዛሬ አየሁህ። ታዲያ ከፊት ያለኸው አንተ ነህ እኮ።»

ከተማው ሁሉ ጎማ ጎማውን ሲያይ፥ ከሁለቱ ማን እንደ ቀደመ ልብ ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ጭራ እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ አለቀሰ፥ እናትየውም ራሱን እያሻሹ አለቀሱ። እኔም ይህን ስጽፍ ብዕሬን አስቀምጬ ደጅ ወጥቼ ተመለስሁ፥ ለዜና መዋዕል ጸሐፊ የማይገባ ነገር መሆኑን ባውቅም።

ወሬው በእኅታቸው በኩል ብልጭታ ዘንድ ደረሰ። የተናቀ ሥራ ሲከበር ባለቤቱ አይጠፋምና፥ ከነሠራዊታቸው ወደ እናትየው ቤት ገሠገሡ፥ በደጃፉም ቆመው እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦ «ከመጀመሪያውም ለእናት ብዬ ነው ያቆምኩት። እናት የቆመ ነው የምትወደው።» የተቃወማቸው የለም፤ ፊታውራሪዋ ብቻ ዣንጥላዋን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ከዚያም እናትና ልጁን ጎን ለጎን አስቀምጠው፥ ጋዜጣውን አስይዘው፥ «እማማ፥ አገጭ ቀና። ደግሞ እንዳይንቀሳቀሱ» ብለው አነሡአቸው። ፍላሹ ሲበራ የእናትየው እንባ በጉንጫቸው ላይ እየወረደ ነበር፥ ዓይናቸውን ግን አልጨፈኑም።

ያ ፎቶ ዛሬ በስቱዲዮው መስኮት ላይ በትልቁ ታትሞ ተሰቅሏል። እናትየው በውስጡ እንደ ተላጠ እንቁላል ያበራሉ። ብልጭታ በጉንጫቸው ላይ አንዳች የሚያብረቀርቅ ነገር አይተው ጠርገውታልና።

ስለዚህ እኛም በመስኮቱ ሥር ቆመን እናመሰግናቸዋለን። ምስጋና ለጎማ አቋሚው፤ ምስጋና ለመንገድ አንጪው፥ ሰማይን በመጋረጃ ለለወጡት፤ ምስጋና ለአቧራ አጥፊው፥ በዘመናቸው አንዳች ነገር ላልተንቀሳቀሰባቸው። ከእንግዲህም ብልጭታ ተብለው ብቻ እንዳይጠሩ፥ ገዢዎች ሁሉ የሚመኙት፥ እንደ እርሳቸው ግን በገዛ እጁ የፈጸመው ያልተገኘ ማዕረግ ከስማቸው ቀድሞ ይጠራላቸው ዘንድ ተወስኗል፦ እንባ አባሽ።