ኤሲው እምቢ ሲል

ሚኒሶታ ውስጥ መካኒክ ያልሆነ የሐበሻ ባል የለም። አላመናችሁኝም? ፓርኪንግ ላይ የመኪናችሁን ኮፈን ክፈቱና ዝም ብላችሁ ቁሙ... አንዱ "ባትሪ ነው"፣ ሌላው "ኧረ ኦልተርኔተር ነው" እያለ ይከብባችኋል። ኮፈኑን የከፈታችሁት ዘይት ለማየት ይሁን ለሌላ የሚጠይቃችሁ ግን አይኖርም!

የእኔው መካኒክ ሰዒድ ይባላል፤ ባሌ ነው። እንጀራው ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን መደርደር ነው። በበረዶው ወራት "ሞቅ በል" እያልን ስንለምነው የለገመ ሚኒቫናችን ሐምሌ ሲመጣ በኤሲው በኩል እሳት ይተፋብን ጀመር።

"ጋራዥ እንውሰደው" አልኩት።

"ለምን ሲባል? ኮምፕረሰሩ ነው። አውልቄ አዲስ እገጥማለሁ፣ ጋዙን እሞላለሁ፣ አለቀ። አብሽሪ!"

አብሽሪ! በቤታችን የሞተ ዕቃ ሁሉ ከመሞቱ በፊት የሰማው የመጨረሻ ቃል ይሄ ነው።

እኔን ያስጨነቀኝ ሙቀቱ አልነበረም። የሰዒድ ታናሽ ወንድም እንድሪስ ዉድበሪ ከተማ የምትኖር ልጅ ወዷል፤ እሁድ ሽማግሌ ይዘን የምንሄደው በዚሁ መኪና ነው። የልጅቷ አባት ደግሞ ጠያቂን በቀጠሮ በማመላለስ የታወቁ ሰው ናቸው።

ቅዳሜ ሰዒድ የጥገና ቪዲዮ የከፈተበትን ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀምጦ ከመኪናው ሥር ገባ። ሲወጣ ፊቱ ቅባት ብቻ ቢሆንም ኮምፕረሰሩ በእውነት ተገጥሟል! በዚህ መሐል የቪዲዮው ሰውዬ "ጋዝ ከመሙላታችሁ በፊት ሲስተሙን ቫኪዩም አድርጉ" አለ። ሰዒድ ወደ ቤት ገባና... "ቫኪዩም" የምንለውን የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን እየጎተተ መጣ! ወንበሩን ጠረገ፣ ወለሉን ጠረገ፣ የኤሲውን አፍ ሳይቀር ጠረገ።

"ለካ ኤሲ ንጽሕና ይወዳል" አለኝ።

እናንተም እንደኛ የማታውቁ ከሆነ ልንገራችሁ፤ ቫኪዩም ማለት በቧንቧው ውስጥ ያለውን አየርና እርጥበት በፓምፕ መጥጦ ማውጣት ነው አሉ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም!

ጋዙን ሲሞላ ደግሞ ባሰ። መለኪያው አረንጓዴው ላይ ሲደርስ "በቃው" አልኩት።

"ትንሽ ልጨምርለት እንጂ፣ ነገ ሽማግሌ ነው የሚጭነው" አለና እንግዳ እንደሚያጎርስ ሰው "በሞቴ" እያለ እስከ ቀዩ አደረሰው። ሞተሩን አስነሣ። ቀዘቀዘ! እኔም በክፉ ምላሴ አፈርኩ።

እሁድ ሽማግሌዎቹን ክሪስታል ከሚባለው ሰፈር አነሣን። ሐጂ ይማም የወሎ ሰው ናቸው፤ ነጭ ጀለቢያቸው በካውያ ተተኩሶ ያበራል። ጋሽ ዑስማን ከልጅነታቸው በአማርኛ የተማሩ የኤርትራ አዛውንት ሲሆኑ፣ ሙሉ የሱፍ ልብስ ከነከረባቱ ለብሰዋል። እኔ የልጅቷን እናት ስለማውቃት አብሬ ሄድኩ።

"ማሻአላህ! ሰዒድ፣ እንዲህ ያለ ሙያ ነበረህ?" አሉ ሐጂ፣ ቅዝቃዜው ፊታቸውን ሲዳብሳቸው።

"ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ ሐጂ።" ትሕትናው ራሱ ጉራ ነበር።

694 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ እየበረርን ሳለ ከኮፈኑ ሥር "ፊ...ሽ!" የሚል ድምፅ መጣና ነጭ ጭስ መስተዋቱን ሸፈነው።

"ፈነዳ! አቁም! አቁም!" ጋሽ ዑስማን ናቸው። መኪናው ቆሞ ሳያበቃ ሳሩ ላይ ወጥተዋል። ሐጂ ሸሃዳቸውን እያሉ ተከተሉ። ሰዒድ ኮፈኑን ከፍቶ አየ።

"ምንም አይደል፣ የተረፈው ጋዝ ነው የወጣው።"

"የተረፈው ብቻ?" አልኩት።

"የተረፈውም... ያልተረፈውም። አብሽሩ፣ መስኮት እንከፍታለን!"

የፊቱ መስኮት ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበት የኋላው ግን አይከፈትም፤ እሱን ቀደም ሲል ሰዒድ ጠግኖታል።

ዉድበሪ ስንደርስ የልጅቷ አባት በሩን ከፍተው ደነገጡ። "ምነው፣ ዝናብ አገኛችሁ?" ሰማዩ ላይ የደመና ዘር የለም። ሐጂ ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ቀዝቃዛ አየር ከሚወጣበት ሥር ሄደው ተቀመጡ። ጋሽ ዑስማን ላባቸው ከረባታቸው ላይ እየተንጠባጠበ፣ ሲያጠኑት የሰነበቱትን ንግግር አንድም ቃል ሳይጥሉ ተወጡት።

አባትየው አገጫቸውን አሻሹ። "ሰምተናል። ከዘመድ ጋር እንምከርበትና... ከሁለት ሳምንት በኋላ ብትመለሱ።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ከዚያ በመስኮቱ አሻግረው ፀሐይ ላይ የሚንተከተከውን ሚኒቫን አዩ።

"ወንድሜ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አሉ ጋሽ ዑስማን። "ዛሬ በዚያ መኪና እዚህ ያደረሰኝ ፈጣሪ ነው። ሁለተኛ አልፈታተነውም።"

"እኔም እሺ ሳልባል ከዚህች ቅዝቃዜ አልነሣም፣ ወላሂ!" አሉ ሐጂ ጀለቢያቸውን እያርገበገቡ።

ይህን ጊዜ ልጅቷ ፎጣ ይዛ ብቅ አለች። እዚሁ ሚኒሶታ የተወለደች ናት፤ እሷ እንደኛ ዙሪያ ጥምጥም አታውቅም።

"ዳድ፣ ፕሊስ! ጀስት ሴይ የስ! እሺ በላቸው በቃ!"

አባትየው ልጃቸውን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ምንጣፋቸው ላይ የሚንጠባጠበውን ላብ አዩ... ሳቃቸው አመለጣቸው።

"እሺ" አሉ። "ልጄን ለመስጠትም እሺ ብያለሁ፤ እነዚህን አባቶችም በራሴ መኪና እኔው አደርሳለሁ።"

ሐጂ ዱዓ ሲያደርጉ ለጋብቻው "እሺ" ይሁን ለመኪናው መለየት አልቻልኩም።

ስንመለስ የአባትየው መኪና ከነቅዝቃዜው ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆንን። ሰዒድ መሪውን እየደበደበ፣ "አየሽ?" አለኝ። "ኤሲው ቢሠራ ኖሮ ይሄኔ ቀጠሮ ይዘን ነበር የምንመለሰው። ዕድሜ ለእኔ እጅ!"

አልመለስኩለትም። ዝም ያልኩት ግን አምኜለት እንዳይመስላችሁ... በመስኮቱ የሚገባው ንፋስ ሻርፔን አፌ ውስጥ ጠቅጥቆት ነው!