የአርብ ገበያ መንገድ ቀዳሚዎች

በእኛ አገር በር ላይ እንደሚባክን ጊዜ የትም አይባክንም። ሁለት ጨዋ ሰዎች አንድ ደጃፍ ላይ ከተገናኙ አለቀ። "ይግቡ"፣ "ኧረ እርስዎ ይቅደሙ"፣ "በማርያም"፣ "አይሆንም" ሲባባሉ ወጡ ይቀዘቅዛል፤ ከኋላ የቆመው ምስኪን ፀሐይ ይመታዋል፤ በመጨረሻ ሁለቱም በአንድነት ሊገቡ ሲሉ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫሉ። እነዚሁ ጨዋዎች መንገድ ሲወጡ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ናቸው። ባለበቅሎው ባለበቅሎውን፣ ባለአህያው ባለአህያውን ካልቀደመ የበላው አይረጋለትም። ከደጃፍ እስከ መንገድ ባለችው ርቀት ጨዋነታችን የት ላይ እንደሚወድቅ እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። እናንተ ከደረሳችሁበት ንገሩኝ።

ይህን ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። በደርግ ጊዜ አርብ ገበያ ላይ ሻይ ቤት ነበረኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ፣ አጻጻፌ ቢንጋደድ ዘመቻውን እንጂ እኔን አትውቀሱ። ከወገዳ የሚመጣው መንገድ ገበያው ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው የኔን ሻይ ቤት ነበር፤ እናም የቤቴን መቃን ከስማዳ እስከ እስቴ የማያውቀው አልነበረም። ሽቅድድሙ የሚያበቃው እሱ ላይ ነዋ።

የምን ሽቅድድም ትሉኝ ይሆናል። የመኪና ነው። በቅርቡ የወንድሜ ልጅ፣ በውጭ አገር ከፋብሪካ እንደወጡ ያሉ የስፖርት መኪኖችን አሰልፈው፣ ወራቱን ሙሉ ከከተማ ከተማ እየተሽቀዳደሙ የአገሩን ሻምፒዮን ይለያሉ ብሎ ሲያጫውተኝ ሳቄ መጣ። እኛስ ምን ጎደለን? የእኛዎቹ ከፋብሪካ መውጣታቸውን ራሳቸው የረሱ ሁለት የጭነት መኪኖች መሆናቸው ነው ልዩነቱ። ውድድሩ ጥቅምት ላይ መንገዱ ሲደርቅ ይጀመራል፤ ሰኔ ላይ ጭቃው ሲዘጋው ያበቃል። ሐሙስ ወገዳ ይጭናሉ፣ አርብ ጎህ ሲቀድ ይነሳሉ፣ የቤቴን መቃን ቀድሞ ያለፈ አሸነፈ። ዱሮ ለጉግስ ፈረስ እንደሚደረገው፣ ላሸነፈው መኪና ግንባሩ ላይ ቀይ ጥለት ይታሰርለታል፤ በሚቀጥለው አርብ ከተቀደመ ጥለቱ ተፈትቶ ለሌላው ይሄዳል።

አንደኛው ሾፌር አስረስ የእኛው የጋይንት ልጅ ነው። መኪናው አሮጌ ናት፤ አንዴ ከጠፋች ሰው ሁሉ ወርዶ ካልገፋት አትነሳም፣ ከተነሳች ግን ዳገቱን እያጉረመረመች ትጨርሰዋለች። ሁለተኛው በላይነህ የእስቴ ሰው ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ መኪናው ቀለሟ ያልለቀቀ። መኪናውን ከሚስቱ አብልጦ ይወዳል ይባል ነበር፤ ሚስቱን ስለማላውቃት አልፈርድም። ሁለቱም ሲነዱ ማየት ደስ ይል ነበር። ያንን ጠመዝማዛ፣ በአንድ ወገን ገደል በአንድ ወገን ድንጋይ የሆነውን መንገድ፣ አንዲት እንቁላል ሳይሰብሩ እየበረሩበት ይመጣሉ። እንቁላሉ የኔ ስለነበር በእርግጠኝነት እናገራለሁ።

ዳኛው መሪጌታ ውቤ ነበሩ። እዚያው ጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም ሄደው የዜማ መጽሐፉን ድጓ አስመስክረው የመጡ፣ አንዲት የዜማ ምልክት ብትዛነፍ እንደገና ከመጀመሪያው የሚያስብሉ ሰው ናቸው፤ ሽቅድድሙንም የሚዳኙት እንደዚያው ነው። በመንገዱ እኩሌታ ላይ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። መቼም በእኛ አገር በቤተ ክርስቲያን ደጅ በቅሎ ላይ ተቀምጦ የሚያልፍ የለም፤ ይወርዳል፣ ይሳለማል፣ ከዚያ ይጋልባል። በውድድሩ መጀመሪያ ላይ ታዲያ፣ በመኪና የሚሄድስ ይወርዳል ወይስ አይወርድም የሚል ክርክር ተነሳ። መሪጌታ ብዙም አላሰቡበት። "መኪናዋ ከበቅሎ በምን በልጣ ነው?" አሉ፤ ተፈረደ።

ስለዚህ ሁለቱም ማርያም ደጅ ሲደርሱ ይቆማሉ። ሾፌሩ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከጭነቱ ላይ ዶሮ ያቀፈችው፣ ጃንጥላ የያዙት፣ በግ የሚጎትተው፣ ሁሉም ይወርዳል፣ ይሳለማል፣ ተደጋግፎ ይወጣል። ይህ ነገር ያስጨነቀው የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ሊቀመንበር ጓድ ታከለን ነው። ዘመኑ ሁሉም ነገር "ወደፊት" የሚባልበት ነበርና፣ ሽቅድድሙን "የሥራ ውድድር" ብሎ ለበላይ አስታውቋል። እንግዲህ ጓዶች በየሳምንቱ ማርያምን ይሳለማሉ ብሎ እንዴት ሪፖርት ያድርግ? ሦስት ቀን ሲያምጥ ከርሞ መላ መታ። ቦታውን "የፍሬን መፈተሻ ጣቢያ" አለው። ከዚያ ወዲያ ሕዝቡ ከመኪና የሚወርደው ፍሬን ለመፈተሽ ሆነ፤ መሬት የሚስመውም ለፍሬኑ ነው። ጓድ ታከለ ራሱ ከእኛ ጋር በተሳፈረ ጊዜ ፍሬኑን ከሁላችን አብልጦ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነው የፈተሸው።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ሚያዝያ ላይ ጓድ ታከለ ገበያ መሃል ቆሞ፣ የከርሞውን የማኅበሩን ጭነት የሚያገኘው አንድ መኪና ብቻ ነው፣ እሱም ብዙ አርብ ያሸነፈው ነው ብሎ አወጀ። ጨዋታው እዚያ ላይ አበቃ። በላይነህ ቢሸነፍ እስቴና ደብረ ታቦር አለለት። የአስረስን አሮጌ መኪና ግን ከእኛ በቀር ማን ይጭንባታል? ጭነቱ ካመለጠው ሸጧት ሁመራ ለቀን ሥራ ሊወርድ እንደሆነ ሚስቱ ሻይ ቤቴ ተቀምጣ እያለቀሰች ነግራኛለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሾፌሮች ሰላምታ ተዉ። አንዱ አንድ አርብ፣ ሌላው ሌላውን አርብ እየወሰደ፣ ሰኔ አጋማሽ ላይ እኩል ለእኩል ሆነው አንዲት አርብ ቀረች።

ያቺ አርብ የማርያም ዕለት ሆና ዋለች። እኔ ወገዳ እህቴን አራስ ልጠይቅ ሄጄ ስለነበር፣ በአስረስ መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ተመለስኩ። ሌሊቱን ዝናብ ጥሏል፣ መንገዱ ለስልሷል። አስረስ ከወገዳ ጀምሮ መርቶ፣ የበላይነህን መኪና ከኋላችን ትተን ማርያም ደጅ ደረስን። ቆመ። ሌላ ጊዜ ሞተሯን ሳያጠፋ ነው ወርዶ የሚሳለመው። ያን ቀን ግን ቅዳሴ ገብቷል፤ የካህናቱ ድምፅ እስከ መንገዱ ይሰማል። አስረስ ጥቂት አዳመጠና እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አልኩት።

"ቅዳሴ ላይ ናቸው እኮ፣ እትዬ ዘውዴ።"

"ካጠፋሃት አትነሳም።"

"አውቃለሁ" አለና አጠፋት።

ተናደድኩ። ልጆቹ እየታዩኝ፣ ሁመራ እየታየኝ፣ ማርያምስ ብትሆን ለዛሬ ትረዳው ነበር እያልኩ ወረድኩ። እሱ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ሳይቸኩል ተሳልሞ ተመለሰ። ገፋን። ወንዱም ሴቱም ገፋ። መኪናዋ ስንዝር ያህል ሄደችና ኋላ እግሯ ጭቃው ውስጥ ተቀመጠ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ አልኩ በልቤ።

በላይነህ ደረሰ። መንገዱ ጸጥ ማለቱን ሲያይ እሱም ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ ተሳለመ። የእሱ ግን በመጀመሪያው ተነሳች። በጎናችን ሲያልፍ ማንም ማንንም አላየም፤ እኛ መሬት መሬቱን፣ የእሱ ተሳፋሪዎች ሰማይ ሰማዩን። ኩርባውን ዞሮ ጠፋ። አስረስ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይቶ የሞተሩ ድምፅ እየራቀ መሄዱን ተወ። ከዚያ መቅረብ ጀመረ። በዚያ ጠባብ ኩርባ፣ ገደሉ አፍ ላይ፣ በላይነህ መኪናውን ከነተሳፋሪዎቹ የኋሊት እየነዳ መጣ። እንዲህ ያለ አነዳድ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ወርዶ አስረስ ፊት ቆመ።

"ገመድ አለህ?"

"የለኝም።"

በላይነህ ወደ ጭነቱ ቀና ብሎ፣ "መጫኛ ያለው ያምጣ" አለ። ገበያ የሚሄድ ገበሬ ያለ መጫኛ አይሄድም፤ የገዛውን እህል በአህያ ጭኖ የሚያስረው በዚያው በጠፍር ገመዱ ነው። ከሁለቱም መኪና መጫኛው ተሰበሰበ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው አጣመሩት፣ ገመዱት፣ የክንድ ውፍረት አወጡት። በየስብሰባው "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ሲሉን አንድም ቀን አምኜ አላውቅም ነበር። ያን ቀን በዓይኔ አየሁ፣ ልቤም ተነካ፤ ቆዳ ነው እንጂ ድር አይደለም።

በላይነህ አሳቡ ጎትቶ ሊያስነሳት ነበር። ከጭቃው ወጣች እንጂ አልነሳም አለች። እየተጎተትን አርብ ገበያ ገባን። ገበያተኛው ንግዱን ትቶ ቆሟል፤ መሪጌታ ጥለቱን ይዘው ደጃፌ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጓድ ታከለ አጠገባቸው ነው። በላይነህ መቃኑ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመና ወረደ።

"አስረስ ነው የመራ፤ እሱ ይለፍ" አለ።

"እየጎተተኝ እንዴት ነው የማልፈው?" አለ አስረስ። "እሱ ይለፍ።"

"አይሆንም።"

"በማርያም።"

ይኸውላችሁ፣ ያ የበር ላይ ጨዋነት ደጃፌ ላይ መጥቶ ተገተረ። ጨው ሻጩም፣ በግ ሻጩም፣ እኔም ቆመን ቀረን። በመጨረሻ መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። በሁለቱ መኪኖች መካከል ገቡና ቀዩን ጥለት መጫኛው ላይ አሰሩት።

"ያሸነፈው ገመዱ ነው" አሉ። "ጭነቱም ለገመዱ ይሰጥ። ገመዱ የያዛቸው ይጫኑት።"

ጓድ ታከለ ደነገጠ። "ይህን ለበላይ ምን ብዬ ልጻፍ፣ መሪጌታ?"

"በኅብረት ሠርተው አሸነፉ በል። ይህ ያንተ ቋንቋ አይደለም እንዴ?"

ሊቀመንበሩ አሰበ፣ አሰበና ፊቱ በራ። ጭነቱ ለሁለቱም ሆነ። አስረስ ሁመራን ሳያያት ቀረ። በኋላ በላይነህን ለምን ተመለስክ ብዬ ስጠይቀው፣ "የቆመ ሰው ቀድሜ እስቴ ገብቼ ምን ብዬ ላወራ ነው?" አለኝ፤ የሻዩን ሒሳብ አልቀበለውም ብዬ ተጣላን።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ነገር ግን ጥቅምት መጣ፣ መንገዱ ደረቀ፣ ውድድሩ ሊጀመር ሆነ። ሁለቱ እንደ ወንድማማች ሆነዋል። የመጀመሪያዋ አርብ ወገዳ ላይ፣ "አንተ ቅደም"፣ "ኧረ አንተ" ሲባባሉ ፀሐይ ወጣች። ማርያም ደጅ ተሳልመው ከጨረሱ በኋላ ማን ቀድሞ ይነሣ በሚለው እንደገና ቆሙ። ያስጫንኩት የሻይ ቤቴ ስኳር የደረሰው ገበያው ሲበተን ነው። በሚቀጥለው አርብም እንደዚያው። ጨው ሻጮች ጨዋነትን መራገም ጀመሩ፤ ጓድ ታከለ ወደፊት መሄድ ስለቆመው ውድድር ምን እንደሚጽፍ ግራ ገባው። ቀዩ ጥለት መጫኛው ላይ እንደታሰረ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል።

እኔም አንገቴን ደፍቼ አልቀረሁም። ለበላይነህ ሻይ ስቀዳ፣ "አስረስ የእስቴ መኪና ዳገት አይሆንላትም ይላል" አልኩት። ለአስረስ ስቀዳ ደግሞ፣ "በላይነህ ባልጎትተው ኖሮ ዛሬም ማርያም ደጅ ነበር ይላል" አልኩት። ሁለቱም ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

በሚቀጥለው አርብ እሳት እያነደድኩ ሳለሁ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን እያጓሩ መቃኔን አልፈው ገቡ፤ ቀዳሚው የቱ እንደሆነ የሚዳኙት መሪጌታ ራሳቸው ገና አልመጡም ነበር። ዘግየት ብለው ሲመጡ ሁሉ ነገር ተራግፎ ገበያው ደርቶ አገኙት። ሾፌሮቹን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ዘውዴ፣ ምን አድርገሽ ነው?" አሉኝ።

"ምንም፣ መሪጌታ" አልኳቸው። "ፍሬናቸውን ፈትሼ ነው።"